ማማው ይሠራ፣ አጥሩ ይቅር

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ተነጋግረው የጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ከፍ ብሎ ስለማየት። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። የሌሎቻችሁን አጠር አድርጌዋለሁና ቅር እንዳትሰኙ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከጅማ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ገጠር ነው። እኛ ሰፈር ፏፏቴ አለ። አስራ አንድ ወጣቶች ተደራጅተን እንግዳ እናስጎበኛለን፤ እኔ ደግሞ አፋፉ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ቡና አፈላለሁ። አጎቴ ካናዳ ነው ያለው። ባለፈው ሲመጣ በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ካለው የናያግራ ፏፏቴ አጠገብ የቆመ ማማ ፎቶ አሳየን። በጣም ረጅም ነው፤ ቢጫ ሊፍት ከውጭ በኩል ተለጥፎ ሽቅብ ይወጣል። "ከጓደኛዬ ጋር ገንዘብ እናዋጣና እዚህም ማማ እንሥራ" አለን። እቅዱን ስናየው ግን ማማው የሚያርፈው አሁን ሰው ቆሞ ውሃውን የሚያይበት አፋፍ ላይ ነው። ዙሪያው ይታጠራል፣ መግቢያው በቲኬት ይሆናል። ወጣቶቹ ደስ ብሏቸዋል። አባቴና ሽማግሌዎቹ ግን "ከልጅነታችን ያየነውን ውሃ አሁን ከፍለን ልናይ ነው ወይ?" እያሉ ነው። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። አጎቴን ማስቀየም አልፈልግም፣ ሥራውም ያስፈልገናል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦
እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ማማው ይሠራ። አፋፉ ላይ ግን አይሁን፤ ቦታውም አይታጠር። አጎትሽ ክፉ አላሰበም፤ በስደት አገር ያየውን ጥሩ ነገር ለቤተሰቡ ላምጣ ብሎ ነው፣ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ችግሩ ያለው ፎቶው ላይ ነው። ፎቶው ማማውን ያሳያል እንጂ ማማው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደቆመ አይናገርም።

ቢጫ ሊፍት ካልሽኝ ስካይሎን ታወር የሚባለው ነው። በ1965 ተከፈተ። ቁመቱ 158 ሜትር ነው፤ ከፏፏቴው ግርጌ ሲለካ ደግሞ ጫፉ 236 ሜትር ላይ ይገኛል። ላዩ ላይ ያለው ምግብ ቤት በሰዓት አንዴ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሰው ምሳውን እየበላ ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቂው። "ከማማው ሥር ተነስተህ ውሃው ጋ ስትሄድ ምን ታያለህ?" በይው። መናፈሻ ነው የሚያየው። ማማው ያለው ራቅ ብሎ፣ ከፍታው ላይ፣ በከተማው በኩል ነው። በማማውና በወንዙ መሀል ከ1888 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መናፈሻ ተዘርግቷል። ማንም ሰው ሳንቲም ሳይከፍል ብረቱን ተደግፎ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያያል፣ ጢሱ ፊቱን ያርሰዋል። ማማው ላይ የሚከፍለው ተጨማሪ የፈለገ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ እንዲሁ አልተገኘም። ከዚያ በፊት ናያግራ ላይ የነበረው ልክ አሁን እናንተ ጋ ሊሆን የታሰበው ነገር ነው። በአሜሪካ በኩል የወንዙ ዳር በግለሰቦች እጅ ነበር። አጥር፣ ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ፣ ማስታወቂያ ሞላው። እንግዳ ውሃውን በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ለማየት ሳይቀር ይከፍል ነበር። ሰው ተማረረ። ፍሬድሪክ ሎው ኦምስቴድን የመሰሉ ሰዎች፣ የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ ነው፣ "ናያግራ ነፃ ይውጣ" ብለው ዓመታት ተሟገቱ። በመጨረሻ በ1885 የኒውዮርክ ግዛት መሬቱን ገዝቶ ሕንፃዎቹን አነሳ፤ ቦታውንም ለሕዝብ አደረገው። በካናዳ በኩልም በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። ስለዚህ የአባትሽና የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ከልማት ወደኋላ የመቅረት ጥያቄ አይደለም። ናያግራ ላይ አንድ ትውልድ ተከራክሮ ያሸነፈው ጥያቄ ነው። ይህን ለአጎትሽ በደንብ ንገሪው።

አሁን ወደ አፋፉ እንምጣ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው።

ፏፏቴ ባለበት ቦታ መሬቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ናያግራ ላይ ከላይ ጠንካራ ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ። ውሃው የታችኛውን እየቦረቦረ ይበላዋል፣ የላይኛው አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ አንድ ቀን ይናዳል። ፏፏቴው በ12,000 ዓመታት ገደማ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ የሸሸው በዚህ መንገድ ነው። በካናዳ በኩል ጎብኚ ሁሉ እየወጣ የሚያይበት ቴብል ሮክ የሚባል ትልቅ የድንጋይ ገበታ ነበር። በ1850 ትልቅ ክፍሉ ተገንድሶ ገደል ገባ። የዚያን ቀን አንድ ሰው ጋሪውን ድንጋዩ ላይ አቁሞ እያጠበ ነበር ይባላል፤ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ አመለጠ፣ ጋሪው ግን አብሮ ወረደ። በአሜሪካ በኩል ደግሞ በ1954 ፕሮስፔክት ፖይንት የሚባለው መመልከቻ ተናደ፤ 185,000 ቶን ገደማ ድንጋይ። ሰው ሁሌ የሚቆምበት ቦታ ነው እኮ! ዛሬ እዚያ አካባቢ ያለው 86 ሜትር የሚሆነው ማማ በ1961 የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም አፋፉን ተማምኖ አልተሠራም፤ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ነው ወደ ላይ የወጣው፣ ሊፍቱም ሰዉን ታች ጀልባው ጋ ያወርዳል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ቴራፒን የሚባል የድንጋይ ማማ ነበራቸው። ዋናው ፏፏቴ አናት ላይ፣ ውሃው ሊወረወር ሲል ካሉት ቋጥኞች ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የቆመ። ሰው በእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ይወጣበት ነበር። በ1870ዎቹ አፈረሱት፤ ማንም መልሶ አልሠራውም።

የእናንተ አካባቢ ድንጋይ ከናያግራው ይለያል። ጅማ ዙሪያ የምናየው አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ በንብርብሮቹ መሀል ግን የላላና አፈር የመሰለ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከፏፏቴው ሥር ወርዳችሁ ወደ ላይ እዩ። አፋፉ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወደ ፊት ወጣ ብሏል? ከሥሩ ጉድጓድ አለ? አፋፉ ላይ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ይታያል? ይህ ካለ፣ እንኳን ማማ የሠርግ ድንኳንም አታቁሙበት። ከዚያ ባለሙያ ጥሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ከማኅበሩ ሁለት ልጆች ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ብረትና ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ይቅደም።

እና ማማው የት ይሁን?

ልጅ ሆኜ ክረምት ሲገባ ገጠር አጎቴ ጋ እላክ ነበር። በቆሎው እሸት ሊይዝ ሲል ማማ ይሠራል። አራት ባላ ይተከላል፣ ከላይ ርብራብ ይደረጋል፣ ሣር ይከደናል። ቀን ቀን ጦጣና ዝንጀሮ እንጠብቃለን፣ ማታ ከርከሮ። ወንጭፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ፣ እግሬን ወደ ታች ሰድጄ ስቀመጥ የዓለም ንጉሥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንዴ አጎቴን "ማማውን ለምን መሀል ላይ አትሠራውም? ሁሉም ቦታ ይታየን ነበር" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና "በቆሎ ረግጬ በቆሎ ልጠብቅ?" አለኝ። የሱ ማማ ሁሌም ከማሳው ጥግ፣ ጉብ ካለችው ቦታ ላይ፣ ዝንጀሮው የሚመጣበትን ጫካ እያየች ነበር የምትቆመው።

ቃሉም እኮ ማማ ነው። አገራችን ውስጥ ማማ የተሠራው ለማየት እንጂ ለመታየት አይደለም። በአሜሪካ ጌቲስበርግ የሚባለው የጦር ሜዳ አጠገብ በ1974 አንድ 94 ሜትር ገደማ የሚሆን የጎብኚ ማማ ቆሞ ነበር። ከሜዳው ከየትም ብትቆሚ ዓይንሽ ውስጥ የሚገባው እሱ ነበር። ሰው ሊያይ የሄደው ሜዳውን፣ የሚያየው ማማውን። መንግሥት መሬቱን ወስዶ በ2000 በፈንጂ አፈረሰው። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶ!

መልካም ምሳሌ ከፈለጋችሁ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ካንየን በሚባለው ትልቅ ገደል አፋፍ ያለውን ተመልከቱ። ሜሪ ኮልተር የምትባል አርክቴክት የነደፈችው፣ በ1932 ያለቀ፣ 21 ሜትር ብቻ ቁመት ያለው ማማ ነው። ውስጡ ብረት ነው፤ ከውጭ ግን ያካባቢው ድንጋይ፣ ቀለሙም ከገደሉ ጋር አንድ ነው። የድሮ የአገሬው ሕዝብ የሠራቸውን ማማዎች አጥንታ ነው የነደፈችው። ከሩቅ ስታዪው ከመሬቱ የበቀለ ይመስላል እንጂ የተተከለ አይመስልም። ካናዳ ያለውን 158 ሜትር ትታችሁ ይህን 21 ሜትር አስቡ። እናንተ ጋ እኮ እንጨት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የጅማ በርጩማ የሚጠርብ እጅ ያለበት አገር ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ወይም ጎን ያለውን ተረተር ምረጡ። ረጅም ቀርከሃ ፈልጉ፣ ስልክ ጫፉ ላይ እሰሩ፣ ቪዲዮ ከፍታችሁ አቁሙት። ስድስት ሜትር ላይ ምን ይታያል? ዘጠኝ ላይስ? አሥራ ሁለት ላይስ? የሆነ ቦታ ላይ የዛፎቹን አናት ታልፉና ውሃው ከነገደሉ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ በላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ሜትር ብር ይበላል እንጂ ዓይን አያጠግብም። ይህን ስታደርጉ ፀሐይዋንም እዩ። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከጀርባሽ ስትሆን ነው። ፏፏቴው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ጠዋት ነው የሚያምረው፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ። ማማውን በተቃራኒው ከሠራችሁት እንግዳው ሁሌ ዓይኑን አጥብቦ ነው ፎቶ የሚያነሳው።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ስሙን የማልጠራው አንድ ማረፊያ ሄጄ ወፍ ማያ ማማ አላቸው ተባልኩና ልወጣ ጀመርኩ። አራተኛው መወጣጫ ከሥሬ ተሰበረ። ቅልጥሜ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከወረድኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁት። የባሕር ዛፍ አጣና ነው፣ እንዲሁ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው። ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣቴን ጫን ሳደርገው ግን እንደ ዳቦ ገባ። ምስጥ ጨርሶታል፤ የቀረው ቅርፊቱ ነው። ልጅ ይዤ ብወጣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት አገር ናት። እንጨት አፈር ከነካ በሰበሰ በሉ። እግሩ ኮንክሪት ላይ ይረፍ፤ በብረት ተይዞ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ሰያፍ እንጨት አይጉደለው። በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ እያንዳንዱን ምሰሶ ያንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠ ይቀየር። በአንዴ ስንት ሰው እንደሚወጣ በትልቁ ጻፉ፤ በር ላይ የሚቆጥር ሰውም ይኑር። አሥር ሰው ማለት 700 ኪሎ ነው፤ ደግሞ ሰው ተበታትኖ አይቆምም፣ ውሃው ወዳለበት ጠርዝ ነው ሁሉም የሚጋፋው። ምህንድስናውን የሚሠራው ሰው ይህን አስቦ ይሥራ።

አሁን ደግሞ ስለ ውሃው። ማማው ላይ ወጥቶ የሚታየው እሱ ነዋ።

ጢስ ዓባይን አንድ ሚያዝያ ላይ ሄጄ አየሁት። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሞልቶ ሲወርድ ስፋቱ 400 ሜትር የሚደርስ፣ ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ስሙን ከጢሱ ያገኘ ፏፏቴ ነው። እኔ የደረስኩ ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ተገልጦ በአንድ በኩል ቀጭን ውሃ ይወርዳል። አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ ልጅ ዓይኔን ላለማየት ወደ ጎን እያየ "መስከረም ላይ ቢመጡ ጥሩ ነበር" አለኝ። በጋ ውሃው ይቀንሳል፣ እሱ የተፈጥሮ ነው። ግን ከ1964 ጀምሮ እዚያ የኃይል ማመንጫ አለ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ተጨመረ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል። መብራትም ያስፈልገናል፣ አልከራከርም። ያን ቀን ግን የዓለም ረጅሙ ማማ እዚያ ቢኖር ምን ያሳየኝ ነበር?

ናያግራም መብራት ያመነጫል፣ ያውም ብዙ። ግን አሜሪካና ካናዳ በ1950 ውል ተፈራርመዋል። በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,800 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ውሃ በፏፏቴው ላይ መውረድ አለበት፤ ማታና በክረምታቸው ደግሞ ግማሹ። ለመታየት ብቻ የሚለቀቅ ውሃ በውል ተጽፎ! አጎትሽ ያሳየሽ ፎቶ ላይ ያለው ነጭ ውሃ የሚወርደው በዚያ ወረቀት ነው።

የእናንተ ፏፏቴ በጋ ላይ ምን ይመስላል? አልነገርሽኝም። ከላይ ያለው ጫካ አለ ወይስ እየተመነጠረ ነው? መስኖ የሚጠልፍ አለ? ከአጎትሽ ገንዘብ ጥቂቱ ከምንጩ አካባቢ አገር በቀል ዛፍ ላይ ይዋል። ባሕር ዛፍ ከወንዙ ዳር አታስጠጉ። ከላይ ካሉት ገበሬዎች ጋር ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከማማው ገቢ የሚደርሳቸው ነገር ካለ ውሃውን እነሱ ራሳቸው ይጠብቁታል።

ገንዘቡን በተመለከተ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ፏፏቴውን ማንም የግሌ ሊለው አይችልም። ስለዚህ ከወረዳው ጋር በሚደረገው ስምምነት ላይ "ከመንገድ እስከ አፋፉ ያለው የእግር መንገድ ለማንም በነፃ ክፍት ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ ይግባ። አፋፉ ላይ የሚሠራ ነገር ካለ ከጠርዙ ገባ ያለ መደገፊያ ብቻ ይሁን፣ ሰው እንዳይወድቅ። ማማው በቲኬት ይሁን፣ የማኅበሩ ልጆች ቲኬት ይቁረጡ፣ ሒሳቡ በየወሩ ለሕዝቡ ይነበብ። አንቺም ከዋርካው ሥር አትነሺ። በነፃ የመጣ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ሰው ቡና ይጠጣል፣ ሦስቱንም ከጠጣ በኋላ "ያ ማማ ምንድነው?" ይላል። በሩ ላይ ያስከፈላችሁት ሰው ግን ፎቶውን አንስቶ ቶሎ ይሄዳል።

አጎትሽን በስልክ አትከራከሪው። የቀርከሃውን ቪዲዮ ላኪለት። ሲመጣ ደግሞ አባትሽ እጁን ይዞ ተረተሩ ላይ ያውጣው፤ ከታናሽ ዘመዱ ምክር ከመስማት ከታላቁ ጋር መሄድ ይቀለዋል። "ማማህን አልጣልነውም ጋሼ፣ የተሻለ ቦታ አገኘንለት" በይው።

ጥያቄ፦
ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ረጅም ማማ ላይ ነፋስ ሲመታ ይወዛወዛል ይላሉ። ካልወደቀ እንዴት ነው የሚወዛወዘው?

መልስ፦
ጎበዝ፣ ጥሩ ጠየቅህ። አዎ፣ ይወዛወዛል። ሰንበሌጥን አስብ። ነፋስ ሲመጣ ዘንበል ይላል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ደረቅ አገዳ ግን ቀጭ ይላል። መሐንዲሶች ማማው ጥቂት እንዲያጎነብስና እንዲመለስ አድርገው ያሰሉታል፤ ክብደቱ ከታች ይበዛል፣ መሠረቱም ሰፊና ጥልቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ያዝ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ደግሞ ነፋሱ ይፈጥናል። ማዕበል ሲሆን ረጃጅም ማማዎች ለሰው የሚዘጉት ለዚህ ነው። አባትህ ጎተራ ሲሠሩ ሰያፍ እንጨት ለምን እንደሚመቱ ጠይቃቸው፤ ግማሹን ትምህርት እዚያው ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦
መምህር ነኝ። እዚህ ጅማ ዞን ባለው በለጠ ጌራ ጫካ ውስጥ ተማሪዎች ከላይ ሆነው የጫካ ቡናን የሚያዩበት ማማ ቢሠራ ምን ይላሉ?

መልስ፦
መምህር፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ያስቡበት። ቡና ከላይ አይታይም። የጫካ ቡና በዋንዛ፣ በብርብራና በቀረሮ ጥላ ሥር ነው የሚኖረው። ከዛፎቹ አናት በላይ ከወጡ የሚያዩት ቅጠል ብቻ ነው፤ ቡናው ሥር ተደብቆ ይቀራል። ከላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ወፉ፣ ጉሙ። ለእሱ ከሆነ ጋና ካኩም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን ይመልከቱ። በ1995 የተከፈተ ሲሆን ከትልልቅ ዛፎች ላይ የተንጠለጠሉ ሰባት የገመድ ድልድዮች ናቸው፤ አንድ ላይ 350 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ማማ ለመሥራት ጫካ መመንጠር ሳያስፈልጋቸው ሰዉን ዛፉ አናት ላይ አውጥተውታል።

ቡናውን ለማሳየት ግን ልጆቹን በእግር ይውሰዷቸው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ አበባው ሲፈካ። ነጭ ነው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ ሽታው ጫካውን ያጥነዋል። ዝም ብለው ቆመው እንዲያሸቱ ያድርጉ።

ጥያቄ፦
ባጃጅ ነው የምሠራው። እንግዶች "ጉማሬ አሳየን" እያሉኝ ጅማ አጠገብ ወዳለው ቦዬ ረግረግ እወስዳቸዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳናይ እንመለሳለን። ማማ ቢኖር ይታይ ነበር?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ቦዬ ላይ የሚያስቸግርህ ሰዓቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሲነጋ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ፀሐይ ስትበረታ አፍንጫውና ጆሮው ብቻ ነው የሚታየው። አንተ በአምስት ሰዓት ትወስዳቸውና ምን ይታያችሁ? ለረግረግ ደግሞ ከባድ ማማ አይሆንም፤ መሬቱ አይሸከምም፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር ወፎቹንም ያባርራል። ደረቁ ዳር ላይ፣ በሣር የተከለለች፣ ማያ ቀዳዳ ያላት ዝቅ ያለች ጎጆ ብትኖር ግን ከማማ ትሻላለች። ዘውድ ያላት ረጅም እግር ወፍ፣ ፈረንጆቹ አገር አቋርጠው የሚመጡላት፣ እንዲህ ካለ ቦታ ነው በቅርብ የምትታየው። አሁን የሚያሳስበው ረግረጉ ራሱ ነው። ለሸክላ ጡብ አፈሩ ይቆፈራል፣ ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ይተከላል። እንግዶችህ ሲጠይቁህ ይህንንም ንገራቸው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ እስከ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ባጃጁን ራቅ አድርገህ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ። በጉማሬውና በውሃው መሀል ማንም እንዳይቆም፤ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱን የዘጋበትን አይምርም። ልጅ የያዘ እንግዳ ካለ ከባጃጁ አታውርዳቸው።